ላብ በደብረ ብርሃን

በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መስኮት የሚከፍት ሰው ካያችሁ፣ ወይ ሰክሯል ወይ እንደኔ ታሞክሲፈን ይወስዳል። የጡት ካንሰር ሕክምና ለጨረስን ሴቶች በሽታው እንዳይመለስ የሚታዘዝ ክኒን ነው። ለእኔ የታዘዘው ለ5 ዓመት ነው፤ ይህን የማወራችሁ ጉዞ ላይ ሁለተኛውን ይዤ ነበር። ሌሊት ሌሊት ከውስጥ እንደ ምጣድ ያግለኛል። ሁለቱን ብርድ ልብስ ወርውሬ መስኮት እከፍታለሁ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ላቡ ላዬ ላይ ይቀዘቅዝና ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ብርድ ልብሱን ደግሞ ከወለሉ ላይ እለቅማለሁ። እንዲህ ስል ነጋ። አዲስ አበባም ያው ነኝ፤ ግን የአዲስ አበባ ብርድ ሰው ያዝንለታል፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ያለው የደብረ ብርሃን ብርድ ዘመድም አያውቅ። ጠዋት ቧንቧው ሁለቴ አስሎ በረዶ የመሰለ ውኃ ተፋብኝ። ማታ "ሙቅ ውኃ 24 ሰዓት አለ" ብሎ 350 ብር የተቀበለኝ የሆቴሉ ልጅ፣ "ትንሽ ይፍሰስ፣ ይመጣል" አለ። እስከ ዛሬ አልመጣም።

ዓመቱ 2011 ነው። አስጎብኚ ጓደኛ አለችኝ፤ "ስድስት ፈረንጆች ይመጣሉ፣ አስተርጉሚላቸው፤ ነገሩ አንቺንም ይመለከታል" አለችኝ። አምስቱ ካንሰር ታመው የዳኑ፣ ስድስተኛው ሚስቱን በካንሰር የቀበረ ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቤት ተቀምጦ ከመብሰልሰል፣ ወደማያውቁት አገር ሄዶ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ መሥራት መንፈስ ይጠግናል ብለው ነው ውቅያኖስ ያቋረጡት። እውነቱን ለመናገር ስሰማ ሳቅሁ። የአውሮፕላን ቲኬታቸው ስንት ክፍል ያሠራ ነበር! እኛ ሲያመን የምንሄደው ጠበል ነው። እኔንም ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳኛለች። እሱም ሰሜን ሸዋ ነው፤ በዚሁ በደብረ ብርሃን በኩል፣ ፀጉሬ ረግፎ በነጠላ ተጀቡኜ አልፌአለሁ። ያኔ ከመንገዱ ያየሁት ነገር ቢኖር የእናቴን ጉልበት ነው፤ እሱ ላይ ተደፍቼ ነበር የሄድሁት።

የመጀመሪያው ሥራችን በአንኮበር መንገድ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል መቀባት ነበር። አጥሩ ሥር ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙ አባት፣ "እነዚህ ሰዎች አገራቸው ግድግዳ የለም እንዴ?" አሉኝ። አልተረጎምሁትም። እኔም የማስበው እሱኑ ነበር።

ከብብት ሥር ንፍፊት የወጣለት ክንድ እንደ ድሮው ወደ ላይ አይነሣም፤ ቢደክም ያብጣል። የእኔ የግራው ነው። ብሩሽ ይዤ ከአንዱ ጥግ ጀመርሁ፤ አንዲት ካናዳዊት ከሌላው ጥግ። ማዕዘኑ ላይ ስንገናኝ ቀና ብለን አየነው። ከትከሻችን በታች ያለው አረንጓዴ ሆኗል፤ ከዚያ በላይ አንድ ጠብታ የለም፤ ጫፉ በክር የተለካ ይመስላል። "አንቺም?" አለችኝ። ግራ ክንዴን እስከሚሄድልኝ ድረስ አነሣሁላት፤ እሷም ቀኟን። ሁለታችንም ባልዲው አጠገብ እስክንቀመጥ ሳቅን። ዘመድ ፊት ሁለት ዓመት አልቅሻለሁ፤ በዚህ ክንድ የሳቅሁት ግን የዚያን ቀን ነው። የላይኛውን ሚስቱ የሞተችበት ረጅሙ ሰውዬ ዝም ብሎ ጨረሰው።

በዚያው ሰሞን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት መሰጠት ተጀምሮ ነበር። በዕረፍት ሰዓት አንዷ እጅጌዋን ሰብስባ የተወጋችበትን አሳየችኝ። "ብዙ አያምም" አለች፤ እኔን ለማጽናናት።

አንኮበር የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ ወጥተን ቆላውን ቁልቁል አየን፤ በማግስቱ ጣርማ በር ድረስ ሄደን ፈረንጆቹ ጭላዳ ፎቶ ሲያነሡ እኔ መኪና ውስጥ ተኛሁ። የሌሊቱን ዕዳ መክፈል ነበረብኝ።

ከዚያ ጤና ጣቢያው መጣ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ተጠርተዋል። የእኛ ሥራ ስምና ዕድሜ መመዝገብ፣ ወረፋ ማስያዝ፣ ሻይ መቅዳት ነው። ነርሷ አግዳሚው ላይ ለተደረደሩት ስታስረዳ፣ "አቼቶ የመሰለ ነገር በጥጥ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ካለ ወደ ካንሰር ሳይሄድ እናክመዋለን" አለች። "አንድ ደቂቃ ብቻ?" አለች አንዷ፤ እሷ ለመምጣት ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛለች።

አንዲት እናት ዕድሜያቸውን ስጠይቅ፣ "ስድሳ ሳይሆነኝ አይቀርም፤ ጻፊው" አሉ።

"እማማ፣ ለእርስዎ ዕድሜ አይደለም የተጠራው።"

"በሽታውም ዕድሜ ጠይቆ ነው የሚገባ?"

መልስ አልነበረኝም። ሄዱ ስል ሻይ የሚፈላበት ጓዳ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው፣ እጄን ይዘው ቀኝ ጡታቸው ላይ አኖሩት። ባቄላ የሚያክል፣ ድንጋይ የመሰለ፤ ቢገፉት የማይነቃነቅ። ጣቴ ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

"ያምዎታል?"

"አያመኝም። ቢያመኝማ መች እዘገይ ነበር!"

ይህችኑ ቃል እኔም ለሐኪሜ ብያታለሁ፤ ሰባት ወር ዘግይቼ። "እኔም ነበረኝ" አልኋቸው።

"የት ገባ?"

"አወጡት።"

"ከነጡትሽ?"

"ከነጡቴ።"

ደረቴን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ፊቴን። "ታዲያ ምን ሆንሽ! ወፍረሽ የለም እንዴ!" አሉኝ።

ነርሷ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፈችላቸው፤ የልጃቸውን ስልክ ያዝሁ። ያኔ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የወረፋውን ርዝመት በራሴ አውቀዋለሁ፤ አልነገርኋቸውም። ከፈረንጆቹ አንዷ ከእሳቸው ጋር ፎቶ መነሣት ፈለገች። ሳልጠይቃቸው "እንቢ ብለዋል" አልኋት።

ስንመለስ ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ ልገዛ ወረድሁ። ሴትዮዋ ኪሎውን 260 አለችኝ፤ ቦርሳዬን ስከፍት ካናዳዊቷ ከኋላዬ ብቅ አለች፤ ዋጋው 400 ገባ። "እሷ ቅቤ አትበላም፣ እኔ ነኝ የምገዛው" ብል ማን ሰምቶኝ። ተከራክሬ ተከራክሬ በ300 ወሰድሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መኪናው እንደተነሣ ያ ሙቀት ከአንገቴ ጀመረኝ። መስኮቱን እስከ መጨረሻው አወረድሁት። ሹፌሩ፣ "ኧረ እህቴ ዝጊው! ነፋስ ይመታናል!" አለ። ገና ሳልመልስለት ከኋላዬ ሌላ መስኮት ተከፈተ፤ ዞር ስል ካናዳዊቷ ፊቷ በርበሬ መስሎ አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታለች። ያንኑ ክኒን እንደምትወስድ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ሹፌሩ በመስታወቱ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና ኮፍያውን እስከ ጆሮው ሳበ። "ምን ሆናችሁ ነው እናንተ?"

"ቅቤው እንዳይቀልጥ ነው" አልሁት።