ገመድ ያዡ ስልክ አነሳ

ነሐሴ ነበር። ደብረ ብርሃን በነሐሴ እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል። ጉሙ እስከ ረፋድ አይለቅም፣ ጋቢ ከትከሻ አይወርድም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ድንጋይ ሲወጣበት ከርሞ የተተወ ካባ አለ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላል። የሰፈሩ ሰው "ይሄ ውሃ ሰው ይበላል" ይላል። ውሃው ምንም አይበላም። አጥር የለውም፣ ዳሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ድንጋይ ነው፣ የገባ ልጅ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። በቃ ይኸው ነው።

ሲደወልልን አንድ ልጅ እዚያ ከሰጠመ አራት ሰዓት አልፎታል። እኛ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነን። ሁለት ጠላቂ፣ አንድ ሹፌር፣ ሌሎቻችን ገመድና ቃሬዛ ያዥ። ዋናው ጠላቂያችን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ነው፣ ዋና ለእሱ እንደ መራመድ ነው። ለመዝናኛ የሚሰጠውን የጠለቃ ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬት ይዟል። እኛም ይበቃል ብለን ነበር።

እናትየው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ዳር ቆመዋል። "ልጆቼ፣ አውጡልኝ፣ አፈር እንኳ ላልብሰው" ይላሉ። ይሄን ሰምቶ ማን ቆሞ ያስባል? ከኋላችን ያለው ሕዝብ ደግሞ "ምን ትጠብቃላችሁ!" ይላል። ገባን።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ስህተት። ማዳንና አስከሬን ማውጣት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ብዙ የነፍስ አድን ቡድኖች አንድ ሰዓት ገደማን ወሰን ያደርጋሉ፤ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ትንሽ ይጨምራሉ። ከዚያ ካለፈ የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ የሚቀድመው የጠላቂው ደህንነት ነው። እኛ አራት ሰዓት ያለፈውን ነገር አሁን እንደሆነ አድርገን ሮጥን።

ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ካባ ውስጥ ያለ የክረምት ውሃ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። ጠላቂው የገዛ እጁን አያይም፣ በዳሰሳ ነው የሚሠራው። የት እንዳለ፣ የቱን አካባቢ እንደፈተሸ፣ ወዴት መዞር እንዳለበት የሚያውቀው ዳር የቆመው ሰው ነው። ምልክታችን ቀላል ነበር። አንድ ጊዜ ከሳበ ደህና ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ገመድ ልቀቅልኝ፣ ሦስት ጊዜ አገኘሁ፣ አራት ጊዜ ድረሱልኝ።

ሥራው በተጀመረ አሥር ደቂቃ ገደማ ስልኬ ጠራ። አንድ ኃላፊ ነው፣ "ምን ደረሳችሁ?" ሊል። ገመዱን በግራ እጄ አድርጌ አነሳሁት። "አቤት ጌታዬ፣ እየፈለግን ነው" እያልኩ ሳለ ገመዱ ተነቀነቀ። ሁለት ይሁን አራት አልቆጠርኩም። ሁለት ነው ብዬ ለቀቅኩለት።

አራት ነበር። ጠላቂያችን ካባው ሥር ከተጣለ አሮጌ ሽቦ ጋር ተጠላልፏል። ውጥር ብሎ እንዲይዘው የፈለገውን ገመድ እኔ አላላሁበት፣ የላላው ደግሞ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ተጠባባቂውን ግባ ስንለው ገና የጫማውን ክር እየፈታ ነው። ተጠባባቂ ማለት ማስኩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ሲሊንደሩን አዝሎ፣ ውሃ ዳር የተቀመጠ ሰው ማለት እንደሆነ ማን ነግሮን!

የተጠላለፈው ጠላቂ ቢላው ከእጁ አምልጦት ወደቀ። ደግነቱ ሁለተኛ ደረቱ ላይ ነበረው። ራሱ ቆርጦ ወጣ። የሲሊንደሩን የአየር ግፊት የሚለካውን ጌጅ አየሁት። 200 ባር ይዞ ገብቶ 30 ላይ ቆሟል። ሰው ሲደነግጥ አየር እንዴት እንደሚጨርስ ያን ቀን ገባኝ። ምንም አልተናገረኝም፤ ማስኩን አውልቆ ሣሩ ላይ ተኛ። የልጁን አስከሬን በማግስቱ ከአዲስ አበባ የመጡ ጠላቂዎች አወጡት። መጥተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ማየትና ያዩ ሰዎችን መጠየቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌላው አገር ምን ይላል ብለን ማንበብ ጀመርን። ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ጠላቂዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚደገም የውሃ ፈተና አለው። 450 ሜትር ገደማ ዋና፣ 15 ደቂቃ ሳይሰጥሙ መቆየት፣ የመጨረሻዎቹን 2 ደቂቃዎች እጅን ከውሃ አውጥቶ። አንዴ ተፈትኖ ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ መስቀል ብሎ ነገር የለም። እኛን ያስደነገጠን ግን የከፍታው ጉዳይ ነው፤ ከፍ ሲባል የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ከጠለቃ በሰውነት ውስጥ የቀረው ጋዝም አረፋ ሠርቶ ሊጎዳ ይችላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ 10 ሜትር የጠለቀ ሰው፣ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል በሚያሳየው የጠለቃ ሰንጠረዥ 14 ሜትር ገደማ እንደጠለቀ ይቆጠራል። የባሰም አለ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ጠልቆ ወዲያው መኪና ተሳፍሮ ጣርማ በርን መውጣት ማለት ጠልቆ አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው። ለመብረር ከአንድ ጠለቃ በኋላ እንኳ ቢያንስ 12 ሰዓት ጠብቁ ይባላል። ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ "ቶሎ ጨርሰን ማታ ቤታችን እንግባ" ነበር ዕቅዳችን።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ላይ እንለማመዳለን፣ በደረቅ። ጠላቂው ዓይኑን በሻሽ ታስሮ ይሄዳል፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ገመዱን በጣቶቼ ብቻ አነባለሁ። ጓንት አላደርግም። የሚያዩን ልጆች እብድ ነው የሚሉን። መጀመሪያ ቀን ከአሥር ምልክት አራቱን ሳትኩ።

ባለፈው ከቆላ አንድ ጥሪ መጣ። ለጠላቂያችን ደወልኩለት። "ገመዱን ማን ነው የሚይዘው?" አለኝ።

"እኔ" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። "እሺ ጋሼ። ስልክህን ግን ለሹፌሩ ስጠው።"