ከጆርጅ ሜሰን ወደ ታች

የባለቤቴ ወገኖች አሜሪካን ከመሠረቱት ሰዎች የአንዱ፣ የጆርጅ ሜሰን ዘር ነን ይላሉ። አማቴ ሐረጉን ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ ሲቆጥሩ አንድም ቦታ አይደናቀፉም፤ የጎንደር ባላባት ቢሰማቸው ይቀናል። ልጄም በአባቷ በኩል የዚህ ሰው ወገን ናትና ማንነቱን ላጣራ ብዬ ሰነዶቹን ማገላበጥ ያዝኩ።

የአደባባይ ሕይወቱ ለማግኘት አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ1776 የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ ያረቀቀው እሱ ነው። በ1787 ደግሞ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በተረቀቀበት የፊላደልፊያ ጉባኤ ላይ እስከ መጨረሻው ቀን ሲከራከር ቆይቶ፣ ሕገ መንግሥቱ የመብቶች መግለጫ የለውም ብሎ አልፈርምም አለ። በዚህም ከጎረቤቱና ከወዳጁ ከጆርጅ ዋሽንግተን ጋር ተቀያየመ። እልኸኝነቱን ወድጄለታለሁ።

ርስቱ ገንስተን ሆል ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ዛሬም አለ። ከውጭ ሲያዩት ልከኛ የጡብ ቤት ነው፤ ውስጡ ግን በእንጨት ቅርጽ ያጌጠ ነው። ያን ሥራ የመራው ዊሊያም በክላንድ ለተወሰነ ዓመት ሊያገለግል ተዋውሎ ከእንግሊዝ የመጣ አናጺ ነበር። የእሱ ስም ተከብሮ ይነሳል። የሜሰን ልጅ ጆን በትዝታው እንደጻፈው ግቢው ውስጥ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ጫማ ሰፊው ሁሉ ባሪያ ነበር። እኔ የባሪያዎቹን ስም ያገኘሁት ግን የጆርጅ ሜሰን ኑዛዜ ውስጥ ነው፤ ለልጆቹ ሲከፋፈሉ፣ “እገሊት፣ የእገሊት ልጅ” እየተባለ። በእናት ስም! በአባቴ ስም ለምጠራው ለእኔ ነገሩ እንግዳ ሆነብኝ። ለካ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ በ1662 ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ብላ ደንግጋለች፤ እናት ባሪያ ከሆነች አባትየው ማንም ይሁን ማን ልጁ ባሪያ ነው። የአባት ስም ለወራሽ ምን ያደርግለታል?

ባሪያ ያለው ጌታ ሁሉ ትንሽ አምባገነን ሆኖ ይወለዳል ብሎ በዚያው በፊላደልፊያ ጉባኤ የተናገረው ይኸው ሜሰን ነው። በኑዛዜው ግን አንድም ሰው ነፃ አላወጣም።

አማቴ ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ እኔ ወደ ታች ቆጠርኩ። የልጁ የጆን ልጅ ጄምስ መሬይ ሜሰን ሴናተር ሆኖ የ1850ውን ሕግ አረቀቀ፤ ያመለጠ ባሪያ ከየትም ተይዞ ለጌታው ይመለስ የሚለውን። ለአማቴ ስነግራቸው “እሱ በሌላው ቅርንጫፍ ነው” ብለው አለፉት። ለልጄ በማዘጋጀው ሐረግ ላይ ግን አስገብቼዋለሁ። በኑዛዜው የተጠቀሱትን እናቶችና ልጆቻቸውንም በሌላ ገጽ እየገለበጥኩ ነው። ለገና ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሁለቱንም ገጽ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ፤ አማቴ ምን እንደሚሉ እናያለን።