የተጠቀሰው አባቴ ነው

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ሐርቡ አካባቢ በቦርከና ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም እያለማ ነው ያሳደገን። ሆኖም በሴል ባዮሎጂ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ ይጠራል፤ «እንድሪስ እና ሌሎች» እየተባለ። እኔ እዚያ ውስጥ ነጥብ የተደረገባት አንዲት የፈረንጅ ፊደል ነኝ። ፈረንጅ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚይዘው የብዙ ሐበሻ ተመራማሪ ዕጣ ይኸው ነው፤ ልጅ ይለፋል፣ አባት ይጠቀሳል።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሳመለክት የተመራማሪን ጽሑፎችና ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በሚዘረዝረው ጎግል ስኮላር ላይ ገጼን ብከፍት ሦስት ጽሑፍ ብቻ አገኘሁ። ያሳተምኩት ሰባት ነው። ኔትወርክ መጣ ሄደ እያለ ደሴ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስስ ዋልኩ። ለካ በእንግሊዝኛው ‹ኢ› የሚጀምር እንድሪስ አለ፣ ሦስት ጽሑፍ ያለው። በ‹አይ› የሚጀምር ሌላ እንድሪስ አለ፣ ሁለት ያለው፤ አብሮኝ የጻፈው ጓደኛዬ እንደመሰለው ሞልቶት ነው። ‹ኤን› የጠፋችበት ኢድሪስም ሁለት አለው፤ እሱ ከማስተርስ ዲግሪዬ ላይ የተቀዳ ነው። ሦስቱም እኔው ነኝ።

ለምን ይሄን ያህል ያስጨንቃል? ተመራማሪን ጽሑፎቹ በተጠቀሱበት ብዛት የሚመዝነውን፣ ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ የፊዚክስ ሰው የሆነው ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው ያመጣው። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ካሉህ አራት ነህ። የኔ ሰባቱ ሲደረደሩ 31፣ 12፣ 9፣ 4፣ 3፣ 1፣ 0 ናቸው፤ ስለዚህ አራት ነኝ። በ‹ኢ› የሚጀምረው እንድሪስ እጅ ያሉት ግን 31፣ 4 እና 1 ብቻ ናቸው። እሱ ሁለት ነው። በአንዲት ፊደል ግማሽ ሰው ሆኜ አረፍኩት።

31ዱ በኮሮና ጊዜ ከቤት ሳልወጣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የጻፍኩት፣ የሌሎችን ሥራ የሰበሰበ ሪቪው ነው። 4 ጊዜ የተጠቀሰው የሽንኩርቱ ነው። ከአራቱ ጠቃሾች አንዱ ራሴ ነኝ።

የሽንኩርቱን ግን እወደዋለሁ። ዘዴው የቆየ ነው፤ ስዊድናዊው አልበርት ሌቫን እ.ኤ.አ. በ1938 ኮልቺሲን የተባለው፣ የሴልን መከፈል የሚያውክ መርዝ የሽንኩርት ሥር ላይ የሚያደርገውን ካሳየበት ሥራ የመጣ። (የሰው ክሮሞዞም 46 መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1956 ከጆ ሂን ቲዮ ጋር ያሳወቀውም ይኸው ሰው ነው።) ሽንኩርት 16 ትልልቅ ክሮሞዞሞች ስላሉት የተማሪ ማይክሮስኮፕ ይበቃዋል። የወንዙ ውሃ ሴል ይጎዳ እንደሆነ ለማየት ሽንኩርቱን ከአባቴ ማሳ፣ ውሃውን ከቦርከና አመጣሁ፤ ከደሴ በላይና ከኮምቦልቻ በታች። ሽንኩርቱ ብርጭቆ አፍ ላይ ተቀምጦ ሥር ሲያወጣ ጫፉ ይቆረጣል፣ አልኮልና አሴቲክ አሲድ ውስጥ ያድራል፣ በአሲድ ይለሰልሳል፣ ቀለም ይነካና በመስታወቶች መሃል በአውራ ጣት ይጨፈለቃል። ከዚያ መቁጠር ነው። ስንቱ ሴል እየተከፈለ ነው? ስንቱ ላይ ክሮሞዞሙ ተሰብሯል ወይ ተጣብቋል? በአንድ ስላይድ አንድ ሺህ ሴል። መብራት ሲጠፋ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ መስኮት አዙሬ እቀጥል ነበር።

ኮሚቴው «ሦስቱም አንተ ስለመሆንህ ማስረጃ አምጣ» አለኝ። አመጣሁ፤ ማኅተም ያለው። እግረ መንገዴን ስለ ዶራ አነሳሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ በአሜሪካ ሴል ባዮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ የተጠነሰሰ መግለጫ ነው፤ ተመራማሪን ባሳተመበት ጆርናል ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ በሚያሳየው ቁጥር፣ አትመዝኑ ይላል። የኛው ዘርፍ ሰዎች ናቸው የጀመሩት። አንዱ አባል ቀና ብሎ «እሱስ ስንት ጊዜ ተጠቅሷል?» አለ። እኔም ሳቅሁ።

በዓለም ከማንም በላይ የተጠቀሰው የኦሊቨር ሎውሪ እ.ኤ.አ. የ1951 ጽሑፍ ነው፤ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፕሮቲን እንዴት እንደሚለካ የሚያሳይ። የወጥ አሠራር በሉት።

ለአባቴም ነገርኩት። «አባዬ፣ በአንዱ ጽሑፍ ብቻ ስምህን ሠላሳ አንድ ጊዜ ጠርተውታል።»

«በደግ ነው በክፉ?»

ቁጥሩ ይሄን አይለይም። አንዱ አመስግኖ ይጠቅሳል፣ አንዱ ተሳስተዋል ለማለት፣ አንዱ ሳያነብ ከሌላ ሰው ዝርዝር ገልብጦ። «አላውቅም» አልኩት። «አብሽር፣ ብቻ አይሳደቡ» አለኝ።

አሁን ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ አውጥቼ ሦስቱን እንድሪሶች አንድ ላይ አስሬያቸዋለሁ። ተማሪዎቼንም የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ሳይልኩ በፊት የስማቸውን አጻጻፍ አስወስናቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ መጣች፤ የአባቷ ስም ሙሄ ነው። ዲግሪዋ ላይ አንድ ዓይነት፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። «በቃ ፋይዳሽ ላይ ባለው ሂጂ» አልኳት። ካርዷን አውጥታ ሰጠችኝ። እዚያ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሙሄ አለ።