ዓሣ ልቀርጽ ገብቼ መፋቂያ ወጣኝ

ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ነው። ያስጀመረኝ ጓደኛዬ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ በክርና በትል ቆሮሶ ሲያወጣ ያደገ። እዚህ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ግን ባስ የሚባለውን ዓሣ የምናሳድደው በማባበያ ነው። ማባበያ ማለት ትንሽ ዓሣ መስሎ የተሠራ፣ ሆዱ ሥር መንጠቆ የተንጠለጠለበት ነገር ነው። አንዱ 12 ዶላር። ውሃ ውስጥ የተጋደመ ግንድ ሁሉ የኔን ማባበያ ለይቶ ያውቃል መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ አራቱን ለግንድ ገብሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

«ለምን ራሴ አልሠራውም?» ያልኩት ያን ማታ ነው። ነገሩን ያባባሰው ደግሞ የላውሪ ራፓላ ታሪክ ነው። ሰውዬው ፊንላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በጫማ ሰፊ ቢላዋ ቡሽ ቀርጾ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ የቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ አልብሶ ማባበያ ሠራ። እሱ በቢላዋ ከቻለ እኔ በማሽን ምን ያቅተኛል?

ማሽኗ በእጅ የምትያዝ፣ ጫፏ እየተሽከረከረ እንጨት የሚሞርድ ናት። እዚህ አገር የማንም ሥሪት ትሁን ሰው ሁሉ «ድሬሜል» ነው የሚላት። መደብር ሄጄ መደርደሪያው ፊት ግማሽ ሰዓት ተገተርኩ። በባትሪ የሚሠራ አለ። በገመድ የሚሠራ አለ። እንደ ሐኪም ማዳመጫ የሚተጣጠፍ ረጅም ቱቦ ያለውም አለ። አንድ ሽማግሌ ሻጭ መጡና ምን ልሠራበት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ፍጥነቱ የሚቀነሰውን ውሰድ» አሉኝ። «ባልሳ እንጨት በጣም ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይበላብሃል። ፕላስቲክ ስትቆርጥ ደግሞ ቀስ ካላልክ ይቀልጣል። ቱቦ ያለው እንደ እስክሪብቶ ስለሚያዝ ጥሩ ነው።»

ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ የተተከለው ሌላ ካርቶን ላይ ነው። በደቂቃ 35,000 ዙር! ከ120 መለዋወጫ ጋር! ዋጋውም የሌላው ግማሽ! ፍጥነት መቀነሻ የለውም፤ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው። ቢሆንስ? ሀበሻና ቅናሽ ተገናኝተው ማን ያስታርቃቸዋል? አመስግኜ ይዤው ወጣሁ።

ወሩ ጥር ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። ጋራዡ በረዶ ቤት ሆኗል። እናቴ ራሷ ፈትላ ያሠራችልኝን ጋቢ ደርቤ ሥራ ጀመርኩ። ማሽኑን ስለኩሰው ጥርስ ሐኪም ቤት የገባሁ መሰለኝ፤ ሳላስበው አፌን ገጠምኩ። ባልሳውን ነካ ሳደርገው ጭንቅላቱ የነበረው ቦታ ጭንቅላት የለም። እሺ፣ ጭራውን ጭንቅላት ላድርገው። ቀኙ በዛ፣ ግራውን ልቀንስ። ግራው አነሰ፣ ቀኙን ልቀንስ። ጀማሪ ፀጉር አስተካካይ እጅ ወድቃችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እጄ ላይ የቀረው ጥሩ መፋቂያ ነበር።

ከዚያ ማባበያው ውሃ ውስጥ እንዲጠልቅ አገጩ ላይ የምትገባዋን የፕላስቲክ ምላስ ልቁረጥ አልኩ። አልተቆረጠችም። እንደ ማስቲካ ቀልጣ መቁረጫው ላይ ተጣበቀች። ምን እንደሆነች ጠጋ ብዬ ለማየት ጎንበስ አልኩ። የጋቢው ጫፍም አብሮኝ ጎንበስ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ማሽኑ ከእጄ ተመንጭቆ ጋቢውን እየጠቀለለ ወደ ላይ ወጣ። ማጥፊያው ጋቢው ውስጥ ተቀብሯል። እየጮህኩ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ባትሪውን ያልገዛሁት በምን ብልሃቴ እንደሆነ አላውቅም፣ ተመስገን።

ባለቤቴ ጩኸቴን ሰምታ ስትሮጥ መጣች። ደረቴ ላይ ማሽን እንደ ኒሻን ተንጠልጥሏል። ፀጉሬ በባልሳ ዱቄት ነጭቷል። በእጄ መፋቂያ ይዣለሁ።

«ዓሣው የታለ?» አለችኝ።

መፋቂያውን አሳየኋት። ምንም ሳትናገር መቀስ አምጥታ ከማሽኑ አላቀቀችኝ። አንድ ክንድ ያህል ጋቢ እዚያው ቀረ።

በሳምንቱ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። ምንም አላሉም፤ ፈገግ ብለው ቱቦ ያለውን፣ ከ5,000 ዙር የሚጀምረውን አወረዱልኝ። በሱ የሠራሁት ዓሣ እውነትም ዓሣ ይመስላል። ገንዳ ውስጥ ስሞክረው ግን በጎኑ ተጋደመ፤ ለካ ሆዱ ውስጥ ማክበጃ የእርሳስ ብረት ካልገባ ቀጥ ብሎ አይቆምም። የአራት ዓመቷ ልጄ አየችውና «አባዬ፣ ሞቷል?» አለችኝ።

እሁድ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ደስ ይበላት ብዬ ጋቢውን ለብሼ ቀረብኩ። ዓይኗ እንደሆነ አይስትም።

«ምነው ልጄ፣ ጫፉን ምን በላው?»

«ዓሣ ነው እማዬ» አልኳት። ከዚህ የቀረበ መልስ አላገኘሁም።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እህቴ ዞር ብላ፣ «ሰማሽ? እዚያ አገር ዓሣው ጋቢ ይበላል» አለች።