ድመቶቹን ለጎረቤት ልጅ ትተን ለገና አዲስ አበባ የሄድን ጊዜ

አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፣ ሁለት ድመት አለን፣ ጃኖ የሚባል ወንድ እና ሚጡ የምትባል ሴት። ለገና አገር ቤት ልንሄድ ትኬት ከቆረጥን በኋላ እነሱን ማን ያያቸዋል የሚለው መጣ። የሚያሳድሩ ቦታዎች አሉ ግን ለሁለት ድመት ያን ሁሉ ቀን ሂሳቡ አይቀመስም፣ ደሞ ድመት ከቤቷ ስትወጣ ጥግ ይዛ ምግብ ልታቆም ትችላለች። ስለዚህ እኛው ፎቅ ላይ ያለችውን የሀበሻ ጎረቤታችንን ልጅ አሰብናት፣ 15 አመቷ ነው፣ ድመት ነፍሷ ነው።

መጀመሪያ ያናገርኩት እናትየዋን ነው። "ለድመት ደሞ ብር? ጎረቤት አይደለን እንዴ፣ በነፃ ታያቸዋለች" አለችኝ። እኔ ግን እምቢ አልኩ፣ አንድ ጊዜ በመጣች ቁጥር 15 ዶላር፣ ግማሹ ቅድሚያ፣ አበቃ። ምክንያቱም በውለታ የሚሰራን ሰው ሊተሩን (የሚፀዳዱበትን አሸዋ) ዛሬ አፀዳሽ ወይ ብለሽ መጠየቅ ይከብዳል፣ ይሉኝታ ይይዝሻል፣ ብር ከተነጋገራችሁ ግን ስራ ነው፣ እሷም ደስ ይላታል አንቺም አፍሽን ሞልተሽ ትጠይቂያለሽ። (እናትየዋ ለትምህርት ቤቱ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ይቆጠርላት ይሆን ብላ ነበር፣ ሜሪላንድ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት ይጠይቃል፣ ግን ለጎረቤት በብር የሚሰራ ስራ እዚያ ውስጥ አይገባም።)

ከመሄዳችን በፊት እኛ እያለን እየመጣች ሁሉንም በራሷ እጅ ሰራችው፣ የምግባቸውን ቆርቆሮ ከፈተች፣ ሊተሩን ዛቀች፣ በሩን ቆልፋ ከፈተች። ጃኖ እንግዳ ሲያይ አልጋ ስር ነው የሚገባው፣ እንዳትጎትተው ነገርኳት፣ ምግቡን አስቀምጣ ዝም ብላ ሶፋ ላይ ትቀመጥ ስልኳን ትነካካ፣ ራሱ ይወጣል።

ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። የቬቱ (የእንስሳት ሐኪሙ) ስልክ፣ እንስሳ መርዝ ነገር ሲበላ የሚደወልበት 24 ሰዓት የሚሰራው የኤኤስፒሲኤ (የአሜሪካ የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት) መስመር ስልክ፣ እና በትልቁ የፃፍኩት፣ ጃኖ ሊተር ላይ እየተመላለሰ አምጦ ሽንት ካልወጣው እስከ ነገ አይጠበቅም፣ ወንድ ድመት ሽንቱ ከተዘጋ በአንድ በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። አንዳቸው ሁለት ቀን ካልበሉም እንደዛው ቬት። ደሞ ሊሊ የሚባለውን አበባ ማንም ወደ ቤት እንዳያስገባ፣ የአበባውን ብናኝ እንኳን ቢልሱት ኩላሊታቸውን ይጨርሰዋል። ልጅ ቬት ቤት ሄዳ መፈረም ስለማትችል እናትየዋ ትልቅ ሰው ሆና ተመዘገበች፣ እስከ ስንት ብር ሳይጠይቁን እንደሚያክሙም ካርዳችንን ሰጥተን ተስማማን።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም ሰው የምመክረው፣ የድመቱን ፊት ፎቶ አትጠይቁ። ልጆች የሚልኩት እሱን ነው፣ ያምራል ግን ምንም አይነግርሽም። እኔ የጠየቅኳት የሳህኑን ፎቶ ከማጠቧ በፊት እና የሊተሩን ፎቶ ከመዛቋ በፊት ነው፣ ሽንቱ ስንት ጓል እንደሆነ አዲስ አበባ ሆኜ እቆጥራለሁ። እረፍቱ አልቆ ትምህርት ሲጀመር ከትምህርት ቤት መልስ በ10 ሰዓት መምጣት ጀመረች፣ ያ ደሞ እኛ ጋ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፣ እናቴ ነቅታ "ምንድነው በእኩለ ሌሊት የምታዪው" ስትል ስልኩን አሳየኋት፣ አማተበች።

መጀመሪያ ቀን ጃኖ አልበላም፣ ልጅቷ ደንግጣ ደወለች፣ ቱና ክፈቺለትና ውጪ አልኳት፣ በነጋታው ሳህኑ ተልሶ ነበር። ከዛ በኋላ ሰላም ነው። ቀሪውን ብር ለእናትየዋ በዜል (በስልክ ብር መላኪያ) ሳይሆን ለራሷ በእጇ ሰጠኋት፣ ቁልፉንም እሷ ጋ ይቀመጥ ብለናል፣ ለፋሲካ አትላንታ እህቴ ጋ ስለምንሄድ።