አልበላም የሚል ልጅ ባለበት ቤት

ትንሹ ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው አካባቢ ምግብ መምረጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ገንፎ ቢሉት፣ የምስር ሾርባ ቢሉት፣ የተፈጨ ድንችና ካሮት ቢሉት የሰጡትን ይበላ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፓስታ፣ ዳቦና ወተት ብቻ ሆነ። ጎመን ፓስታውን ከነካበት ሳህኑን ገፍቶ ይነሳል። አሁን አራት ዓመቱ ነው። ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ሽሮ ይወዳል፣ ጎመንም ይቀምሳል። ምን አድርጋችሁ ነው የሚሉኝ ጓደኞች ስላሉ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ይህን ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። አገራችን ውስጥ ደም ያነሳቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች 57 በመቶዎቹ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ደም ማነስ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ልጁ አልበላም ሲል ደግሞ ደሙ ይበልጥ ያንሳል። የሆድ ትላትልም ፍላጎት ይቀንሳሉ። ስለዚህ «ይሄ ልጅ አስቸጋሪ ነው» ከማለት በፊት ደምና ሰገራ ማስመርመር ጥሩ ነው። አፈር የሚበላ፣ የግድግዳ ቀለም እየላጠ አፉ የሚከት ልጅ ካለ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። ብዙ ጊዜ የአይረን፣ ማለትም ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን፣ እጥረት ምልክት ነው።

በእኛ ልጅ ትል አልተገኘም። ሄሞግሎቢኑ፣ የደም ማነስ የሚለካበት የደሙ ክፍል፣ ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የአይረን ሽሮፕ ታዘዘለት። ከሽሮፑ የበለጠ የጠቀመኝ ሐኪሟ ቁጭ ብለው ያስረዱኝ ነገር ነው። የዕድገት ካርዱን አውጥተው ክብደቱን ከተወለደ ጀምሮ በነጥብ በነጥብ አሳዩኝ። ቀጭን ነው፤ መስመሩ ግን የራሱን መንገድ ይዞ እየወጣ ነው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል። 3 ኪሎ የተወለደ ልጅ ዓመቱ ላይ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ሁለት፣ ቢበዛ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ዕድገቱ ረገብ ሲል ረሃቡም ረገብ ይላል። በዚያ ላይ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ልጆች የማያውቁትን ምግብ ይፈራሉ፤ የዕድሜው ጠባይ ነው። ይህን ስሰማ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ።

ቀጥለው «በቀን ስንት ወተት ይጠጣል?» አሉኝ። ጠዋት ጡጦ፣ ከቀን እንቅልፉ በፊት ጡጦ፣ ማታ ጡጦ፣ ሌሊት ሲነቃ ደግሞ ሌላ። ሲደመር ወደ ሊትር ይጠጋ ነበር። ለዚህ ዕድሜ በቀን ግማሽ ሊትር ይበቃል። የላም ወተት አይረን የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆዱን ግን ይሞላዋል። ሻይም ሌላው ነው። ዳቦ በሻይ ለልጅ መስጠት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሻይ ምግቡ ውስጥ ያለው አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። እኛ ቤት ለልጆች ሻይ ቀረ። በምትኩ ከምሳ በኋላ ብርቱካን ወይም ማንጎ ሆነ። በፍራፍሬ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ አይረኑ በደንብ እንዲገባ ይረዳል።

ወተቱን ወደ ኩባያ አዞርነው። የሚሰጠውም ከምግብ በኋላ ሆነ። የሌሊቱ ጡጦ ማስቀረት ከበደን፤ አለቀሰ፣ እኛም አልተኛንም። ግን አለፈ።

ከዚያ ሰዓት አበጀን። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት። በመሐል የሚሰጠው ውኃ ብቻ ነው። ይህን ማለት ይቀላል። ልጅ ባለበት ቤት ግን በመሐል የሚገባው ነገር አያልቅም። ባለሱቁ ከረሜላ ይሰጠዋል፣ ጎረቤት ብስኩት ትሰጠዋለች፣ አባቱ ከሥራ ሲመለስ ቺፕስ ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። ሲጠራቀም ግን ምሳው ነው። ባለቤቴ ቺፕሱን በሙዝ ቀየረው፤ የሚሰጠውም በመክሰስ ሰዓት ሆነ። ባለሱቁን አነጋገርኩት፣ ተረዳኝ። ቤት ያለውን ብስኩት ደግሞ ከነጭራሹ መግዛት ተውኩ፤ ቁምሳጥን ውስጥ እንዳለ የሚያውቀውን ነገር «የለም» ማለት አይቻልም።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ኤሊን ሳተር የሚባሉ አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ አሉ። በልጆች አመጋገብ ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። የእሳቸው ሐሳብ አጭር ነው። ምን እንደሚበላ፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል። መብላት አለመብላቱን፣ ከበላም ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ ይወስናል። ማንም የሌላውን ሥራ አይነካም።

እኛ ዘንድ ይህ ከባድ ነው። ልጅ ማብላት የፍቅር መገለጫችን ነው። ሳህን ይዞ ከሳሎን እስከ ግቢ መከተል አለ። «ይቺን ለአባዬ፣ ይቺን ለአያትህ» አለ። «ብላ፣ አያ ጅቦ መጣልህ» አለ። ካርቱን ከፍቶ አፉ ሲከፈት መክተት አለ። በዚህ ሁሉ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ መብላት የእናቱ ጉዳይ እንጂ የእሱ አይደለም። ረሃቡንም ጥጋቡንም አይሰማም። እኔ በዚህ ነገር አምናለሁ፤ የልጅ አፍ የልጁ ነው።

እናቴ እኛ ጋር ነው የምትኖረው። የምግቡ ነገር እሷ ሳትስማማ አንድ ቀን አይውልም። «ልጄ ከሳብኝ፣ አጥንቱ ወጣ» እያለች እኔ ከቤት ስወጣ በጓሮ በር ታጎርሰው ነበር። ልከራከራት አልፈለግኩም። ለእሷ የልጅ መክሳት ቀላል ቃል አይደለም፤ በሕይወቷ ክፉ ቀን አይታለች። ስለዚህ ለቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሟ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ካርዱን ራሷ አየችው፣ የፈለገችውን ጠየቀች። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ «እማዬ፣ እኛን እንዴት ነበር የምታበይን?» አልኳት።

ሳቀች። «ማን አባቱ ያበላችኋል! ስድስት ሆናችሁ አንድ ትሪ ከባችሁ ትበሉ ነበር። የዘገየ ጦሙን ያድራል።»

«እንግዲያው እሱንም እንደዚያ እናድርገው» አልኳት። «አንቺ አታጉርሺው። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አብረሽው ብዪ።»

ተስማማች። የእሷ ሥራ ከማጉረስ ወደ አብሮ መብላት ተቀየረ። ይህ ከሁሉም በላይ የሠራው ነገር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቀደም ሲል እሱ ብቻውን ቀድሞ ይበላና እኛ በኋላ እንበላ ነበር። አሁን ሁላችንም አንድ ላይ ትሪ ቀረብን። እንጀራ ተነጥፎ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ አልጫው በየቦታው ወጣ። የራሱ ሳህን የለም። «ይህን ጨርስ» የሚባል ነገር የለም። እህቱ ስትቆርስ ያያል፤ አያቱ ስትጠቀልል ያያል። ከፈለገ ደረቁን እንጀራ ይቆርሳል። መጀመሪያ ላይ የበላው ያንኑ ደረቅ እንጀራ ነበር። ዝም አልን። እንጀራ ራሱ ምግብ ነው፤ ጤፉ አይረን አለው፣ ሊጡ መቡካቱ ደግሞ ለሰውነት እንዲስማማ ያደርገዋል።

አንድ ቀን ማታ እናቴን ሊያጎርስ ፈለገ። ትንሽ እንጀራ ቆረሰ፣ ሽሮው ላይ ነካ አደረገ፣ አፏ ውስጥ ከተተላት። «እደግ፣ የኔ ጌታ!» አለችው። ለእህቱ፣ ለአባቱ፣ ለእኔም ደረሰን። ጣቱ ላይ የቀረውን ሽሮ ላሰው። ማንም ምንም አላለም፤ አስቀድመን የተነጋገርነው እንደዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉርሻ የሚሰጠው እሱ ነው። ለሌላ ሰው ሲጠቀልል ጎመኑን ይነካዋል፣ ያሸተዋል፣ ይላመደዋል። ለሚፈራ ልጅ ምግብን መንካትም ትልቅ እርምጃ ነው።

ስለ መላመድ ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል። ሊያን በርች የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጆች ምግብን እንዴት እንደሚወዱ አጥንተዋል። ልጅ አዲስ ምግብን እንዲቀበል ደጋግሞ መቅመስ አለበት፤ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። አብዛኞቻችን ሦስት አራት ጊዜ ሞክረን «ልጄ ጎመን አይወድም» ብለን እንዘጋዋለን። እኔ ጎመኑን ከትሪው አላጠፋሁትም። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትንሽ ትወጣለች። ካልነካት እኛ እንበላታለን።

የአሠራሩም ነገር አለ። ብዙ ልጆች የሚሸሹት ጣዕሙን ሳይሆን አፍ ውስጥ የሚሰማውን ነገር ነው። የእኔ ልጅ ረጅም የጎመን ቅጠል ጉሮሮው ላይ ሲጠመጠምበት ያቅለሸልሸዋል። ደቅቆ ተከትፎ በድንች ሲሠራ ግን ተቀበለው። ከአይብ ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ ወደደው። ምስር በበርበሬ አይሆንለትም፤ አልጫ ምስር ካሮት ተፈቅፍቆበት ይሆናል። ሽሮውን ለሁላችንም በርበሬውን ቀለል አድርጌ እሠራዋለሁ፤ ለባለቤቴ ሚጥሚጣና ቃሪያ ዳር ላይ ይቀርባል። ለልጁ ብቻ ሌላ ድስት አልጥድም። በየዕለቱ ሁለት ዓይነት ምግብ የምትሠራ እናት ትደክማለች፤ ልጁም ሁልጊዜ የራሱ ምግብ እንደሚመጣ ያውቃል። ትሪው ላይ ግን እሱ የሚበላው ቢያንስ አንድ ነገር ሁልጊዜ አለ። ይህን ምንም ቢሆን አልተውም።

ጾም ሲሆን ትልልቆቹ እንጾማለን። ያኔም ትሪው አንድ ነው፤ ለልጆቹ ብቻ የተቀቀለ እንቁላል ወይም እርጎ በተጨማሪ ይቀርባል። እንዲያውም በሁዳዴ ነው ክክና ሽሮን በደንብ የለመደው፤ በየቀኑ ስለሚያየው።

መክሰስ ላይ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ በሶ እሰጣለሁ። ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ግን ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። ያንቃል።

ሽልማት አንሰጥም። «ጎመኑን ከበላህ ቸኮሌት አለ» ሲባል ልጁ የሚረዳው ጎመን ቅጣት፣ ቸኮሌት ደግሞ ሽልማት መሆኑን ነው። ጎመኑን ይበልጥ ይጠላዋል። ሲበላም «ጎበዝ!» እያልን አናጨበጭብም። ካልበላ ደግሞ ፊታችንን አናጠቁርም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ትሪው ይነሳል። ቀጣዩ ምግብ ሰዓቱ ሲደርስ ይመጣል።

ሠራተኛችን ጋርም ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ ምሳውን የምታበላው እሷ ናት። «ዛሬ አልበላም» ብላ ስትነግረኝ ድምጿ ይጨነቅ ነበር፤ የምቆጣት ይመስላታል። ልጅ የምትይዝ ሴት በባዶ ሳህን የምትመዘን ከሆነ በግድ ታጎርሳለች። ምን ታድርግ? «አንቺ ሰዓቱን ጠብቀሽ አቅርቢ፤ አብረሽው ብዪ፤ ሌላው የእሱ ነው» አልኳት። ምን ያህል እንደበላ መጠየቅም ተውኩ። ማታ ስገባ የምጠይቃት ምን እንደቀረበ ብቻ ነው። ይህ ነገር እሷንም ቤቱንም አቀለለው።

መጠኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ለአንድ ልጅ ከእያንዳንዱ ምግብ በዕድሜው ልክ የሾርባ ማንኪያ ማሰብ ይቻላል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ሦስት ማንኪያ ምስር፣ ሦስት ማንኪያ ጎመን ማለት ነው። እኛ የምንጠብቀው የአዋቂ ሳህን ስለሆነ ልጁ ጠግቦም ያልበላ ይመስለናል። አንድ ቀን ትንሽ፣ በማግስቱ ብዙ ሊበላም ይችላል። የሳምንቱን ማየት ይሻላል።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው ልጆች አሉ። ክብደቱ የሚወርድ፣ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም የሚያስመልሰው፣ ይበላቸው የነበሩትን ምግቦች አንድ በአንድ እየተወ ሁለት ሦስት የቀሩት፣ የንግግር ወይም ሌላ የዕድገት መዘግየት ያለበት ልጅ ካለ ጉዳዩ ከመምረጥ ያለፈ ሊሆን ይችላል። የእሱ መፍትሔ ሐኪም ዘንድ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ለምሳሌ ሽታውና ልስላሴው በጣም ሊከብዳቸው ይችላል። እነዚህን እናቶች «አስርቢው፣ ይበላል» ማለት ጭካኔ ነው።

የእኔ ልጅ ዛሬም ቀይ ሥርና ቲማቲም አይነካም። ቀይ ሥሩ ግን ትሪው ላይ ይወጣል።

መስከረም ላይ ኬጂ ይገባል። ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን እንደምጨምር ከአሁኑ አብረን እየመረጥን ነው፤ እኔ ሦስት ነገር አቀርባለሁ፣ እሱ ሁለቱን ይመርጣል። እስካሁን የእንቁላል ፍርፍርና ጨጨብሳ አሸንፈዋል። ለመምህሯ የምነግራት አንድ ነገር ብቻ ነው። የተረፈውን አታስጨርሺው፣ እንዳለ መልሺልኝ። ምን እንደተረፈ ካየሁ የነገውን አውቃለሁ።