ቤት የተቀዳ ዘፈን በአናሎግ ዕቃ ማስተር ሳደርግ የተማርኩት

ማስተር ማለት የተቀላቀለ ዘፈን (ሚክስ) ከመውጣቱ በፊት የሚደረግለት የመጨረሻ ማስተካከያ ነው። ለዚህ አናሎግ ዕቃ (ድምፁ በኤሌክትሪክ የሚያልፍበት እውነተኛ መሣሪያ) የገዛሁት ፕለጊን (ያንኑ ሥራ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር) አይረባም ብዬ አይደለም። የዛሬ ፕለጊኖች ምንም አይወጣላቸውም። ስክሪን ላይ ያለውን መስመር እያየሁ ከምወስን ማዞሪያውን ይዤ በጆሮዬ ብወስን ስለሚሻለኝ ነው። ያሉኝም ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጮክ ያለውን ዝቅ የሚያደርግ አንድ ስቴሪዮ ኮምፕሬሰርና ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ አንድ የቲዩብ ኢኪው።

አሰካኩ ቀላል ነው። የኢንተርፌሱ (ድምፅን ከኮምፒውተር የሚያወጣና የሚያስገባው ሳጥን) 1 እና 2 መውጫ ለስፒከር ነው። 3 እና 4 ወደ ኢኪው፣ ከዚያ ወደ ኮምፕሬሰር፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይን መግቢያ።

ዘፈን ከመላኬ በፊት ግን ዕቃዎቹን ትቼ መውጫና መግቢያውን በኬብል ብቻ አገናኘሁና ባለ 1 ኪሎኸርዝ ቶን (ወጥ የመሞከሪያ ድምፅ) ላክሁ። ግራና ቀኙ እኩል ተመልሶ ሲመጣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያስገባሁ በ100 ኸርዝና በ10 ኪሎኸርዝም ደገምኩት። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። ግማሽ ዴሲቤል ልዩነት ካለ መሃል ላይ መቆም ያለበት ዘፋኝ ወደ አንድ ጎን ዘመም ይላል፣ እናንተ ደግሞ ጥፋቱን ሚክሱ ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ቀጥሎ የሚላከው ድምፅ መጠን ነው። ብዙ የስቱዲዮ ዕቃ የተሠራው ለ+4 ዲቢዩ (የኤሌክትሪክ ሲግናል መጠን መለኪያ)፣ ማለትም ለ1.23 ቮልት ግድም ነው። የኔ ኢንተርፌስ ዲጂታሉ 0 (የመጨረሻው ከፍታ) ሲደርስ +22 ዲቢዩ ስለሚያወጣ፣ የሚክሱን አማካይ -18 አካባቢ ሳደርገው ዕቃዎቹ በሚወዱት ልክ ይሠራሉ። በሊሚተር (ድምፁ ከጣሪያ እንዳያልፍ በሚያግደው) የተጨፈለቀ ሚክስ ከላካችሁ ግን ዕቃው ምንም ቢሆን አያድነውም።

ኢኪውው አሠራሩን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1951 ከወጣው፣ ፑልቴክ ከሚባለው ኢኪው ነው። በዚህ ዓይነት ኢኪው አንድ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ መጨመርም መቀነስም በአንዴ ይቻላል። ሁለቱ እኩል አይጣፉም፤ ቅርጻቸው ስለሚለያይ ታችኛው ቤዝ ከፍ ይልና ከሱ በላይ ያለው ጭቃ (የታፈነ ድምፅ) ጎደል ይላል። 60 ኸርዝ ላይ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ስከፍት ኪኩ (ትልቁ ከበሮ) እና ቤዝ ጊታሩ ተለያይተው ተሰሙ። ደስ ሲል!

ኮምፕሬሰሩን በ2 ለ 1፣ አታኩን (መጫን የሚጀምርበትን ፍጥነት) 30 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዙን (የሚለቅበትን ፍጥነት) አውቶ ላይ አድርጌ መርፌው ከ1 እስከ 2 ዴሲቤል ብቻ እንዲንቀሳቀስ እተወዋለሁ። የሳይድቼይን ፊልተሩን (ኮምፕሬሰሩ ለቤዙ ምላሽ እንዳይሰጥ የሚያደርገውን) 100 ኸርዝ ላይ ስከፍተው ኪኩ በመታ ቁጥር ዘፈኑን በሙሉ ወደ ታች መጎተቱን አቆመ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ዕቃ አይደለም፣ ሳወዳድር የድምፅ መጠንን እኩል ማድረግ ነው። ትንሽ ጮክ ያለ ነገር ሁሌም ጆሮን ይሸነግላል። ስለዚህ ተቀድቶ የተመለሰውንና የመጀመሪያውን ሚክስ በሉፍስ (ጆሮ በሚሰማው ልክ የሚለካ የድምፅ መጠን መለኪያ) ለክቼ እኩል አደርጋቸዋለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋኝ እያቀያየርኩ እሰማለሁ። እንዲህ ሲሰማ የዕቃዎቹ ሥራ ትንሽ ነው። ትንሽ ግን እውነተኛ።

የሚያጉረመርም የመብራት ድምፅ ከመጣ ባላንስድ ኬብል (ጣልቃ የሚገባ ድምፅን የሚሰርዝ ኬብል) ተጠቀሙ፣ ዕቃዎቹንም ሁሉ ከአንድ ሶኬት አካባቢ አብሩ። የመብራት መሰኪያውን የግራውንድ እግር መቁረጥ ግን አይሞከርም፣ ሰው ይገድላል።

ማዞሪያዎቹን ሁልጊዜ ፎቶ አነሳለሁ፤ ነገ ዘፋኙ «ትንሽ ቤዝ ጨምርልኝ» ሲል ያ ፎቶ ነው የሚያድነኝ። ቅጂው በ24 ቢት ነው፣ የሚያልቀውም ዘፈኑ ሲያልቅ ነው። ይህን እንደ ጉዳት የሚያዩት አሉ፣ እኔ ወድጄዋለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁጭ ብሎ መስማት ግድ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ያለች የአፍ ጠቅታ እንኳ አታመልጥም።

ሊሚተሩ መጨረሻ ላይ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ጣሪያው -1 ትሩ ፒክ (እውነተኛው የድምፅ ጫፍ)። ጊታርና ድምፅ ብቻ ያለበትን አንድ ዘፈን ግን በእኩል ድምፅ ሳወዳድረው ያለ ኮምፕሬሰር ይበልጥ ይተነፍስ ስለነበር፣ ኬብሉን ነቅዬ በኢኪው ብቻ አሳለፍኩት።